አልጋችሁን ከማዞራችሁ በፊት፦ የቻይና ፌንግ ሹይ ለጀማሪ

(ለውስጥ ዲዛይን ተማሪዎችና ለቤት ባለቤቶች በቃል የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ሥራ ውላችሁ፣ ትራፊኩን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ፌንግ ሹይ ቦታን የመምረጥና ቤትን የማደራጀት የቻይና ጥበብ ነው። ሰው ይህን ልማር ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ዕቃ መግዛት ነው። እጇን የምታወዛውዝ ድመት፣ ሳንቲም የነከሰች ባለ ሦስት እግር እንቁራሪት፣ በቀይ ክር የተያያዘ ሳንቲም፣ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ የቆመ «የዕድል ቀርከሃ»። እነዚህን አሁኑኑ እንገላገላቸው። ድመቷ ጃፓናዊት ናት። ቀርከሃው ቀርከሃ አይደለም፤ ድራሴና ከሚባሉት ተክሎች አንዱ ሲሆን የትውልድ አገሩ መካከለኛው አፍሪካ፣ ካሜሩን አካባቢ ነው። ከገዛ አህጉራችን ወጥቶ፣ ግንዱ ተጠምዝዞ፣ ጥንታዊ የቻይና ጥበብ ተብሎ መልሶ ይሸጥልናል። እንቁራሪቷ እርግጥ ቻይናዊት ናት፤ ግን የገበያና የገንዘብ እምነት እንጂ የቤት አሠራር ጉዳይ አይደለችም።

ዕቃው ክፉ ነው አልልም። ደስ ካላችሁ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ግን ፌንግ ሹይን ከዕቃ የጀመረ ሰው መጽሐፉን ከመጨረሻው ገጽ ነው የገለጠው። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ መሬት፣ ቀጥሎ ቤት፣ ከዚያ በርና አልጋ፣ ምድጃም፤ ኮምፓስ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚወጣው። ሌላም ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ሕግ የትውልድ አገር አለው። የት እንደተወለደና ከምን ሊጠብቅ እንደወጣ ሳትጠይቁ ቤታችሁ ካስገባችሁት የማታውቁትን እንግዳ አሳደራችሁ ማለት ነው። ዛሬ የማወራው በአብዛኛው ስለዚሁ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከመቃብር ነው። ከ276 እስከ 324 ዓ.ም. (ዛሬ የምጠራቸው የታሪክ ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የኖረ ጉዎ ፑ የሚባል ሊቅ ጻፈው የሚባል፣ «የመቃብር መጽሐፍ» የተሰኘ አጭር ድርሰት አለ። ጸሐፊው እሱ ስለመሆኑ ምሁራን ይጠራጠራሉ፤ በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ ግን የሚጠቅሰው እሱን ነው። ፍሬ ነገሩ፣ ቺ በነፋስ ከተሳፈረ ይበተናል፣ ውሃ ከገጠመው ይቆማል የሚል ነው። ቺ የሚሉት በሰማይ፣ በምድርና በሰው ገላ ውስጥ ይዘዋወራል ብለው የሚያምኑበት እስትንፋስ መሳይ ኃይል ነው። ፌንግ ሹይ፣ ማለትም ነፋስና ውሃ፣ የሚለው ስያሜም ከዚሁ የመጣ ነው። የአባት አጽም ቺ በሚከማችበት ቦታ ካረፈ በረከቱ ለልጆች ይተርፋል ተባለ። ስለዚህ ጥበቡ ሁለት ቤት አለው፤ የሙታን ቤትና የሕያዋን ቤት። ከቤጂንግ በስተሰሜን 13 የሚንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት የተቀበሩበት ሸለቆ በተራራ የታቀፈው በአጋጣሚ አይደለም፤ ተመርጦ ነው።

እኛ የሕያዋኑን እንይዛለን። ቦታ ሲመረጥ የሚታየው ባለ መደገፊያ ወንበር ነው፤ ከኋላ ከፍ ያለ፣ ከግራና ከቀኝ ክንድ የሚያሳርፍ፣ ከፊት ክፍት። የኋላው ተራራ ጥቁሩ ኤሊ ይባላል፤ ሰሜን ነው። ቤቱን ጀርባ ሰጥታችሁ ወደ ደቡብ ስትቆሙ በግራችሁ፣ በምሥራቅ ያለው ኮረብታ ሰማያዊ ዘንዶ ነው፤ በቀኛችሁ፣ በምዕራብ ያለው ነጭ ነብር። ከፊት ለፊት ራቅ ብሎ ዝቅ ያለ ጉብታ ካለ ቀዩ ወፍ ይሉታል። በእሱና በቤቱ መካከል ያለው ሜዳ፣ ውሃ ቢኖርበት የሚመረጠው፣ «ብሩህ አዳራሽ» ይባላል። ዘንዶና ነብሩ የትናንት ፈጠራ አይደሉም። በ1987 ሄናን ክፍለ ሀገር ፑያንግ ላይ በተቆፈረ መቃብር፣ ከ6,000 ዓመት በፊት ገደማ የተቀበረ ሰው አጽም በግራና በቀኙ ከዛጎል የተሠራ ዘንዶና ነብር ይዞ ተገኝቷል።

አሁን የእንስሳቱን ስም ለጊዜው እርሱትና የሰሜን ቻይናን አየር አስቡ። በብርዱ ወቅት ከሳይቤሪያና ከሞንጎሊያ በኩል አጥንት የሚሰብር ደረቅ ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል። በበጋቸው ደግሞ እርጥበት ያዘለ ነፋስ ከደቡብ ምሥራቅ ይነሳል። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ቀትር ላይ በደቡብ በኩል ናት። በእንዲህ ያለ አገር ከኋላው ተራራ፣ ከፊቱ ደልዳላ ሜዳና ውሃ ያለው፣ ጎርፍ እንዳይደርስበት ትንሽ ከፍ ያለ ቤት የሠራ ገበሬ ቤተሰቡ ብዙ አይታመምበትም፣ ማገዶውም አያልቅበትም። ዘንዶው እውነት ኖረም አልኖረም ቤቱ ይሞቃል።

ተራራ በሌለበትስ? ሠርተውታል። የተከለከለው ከተማ የሚባለው የቤጂንግ ቤተ መንግሥት ከ1406 እስከ 1420 ሲገነባ የዙሪያው ቦይ ተቆፍሮ የወጣው አፈር ከሰሜን ተከመረ፤ ዛሬ ጂንግሻን የሚባለው ኮረብታ እሱ ነው። ከደቡብ ደግሞ በግቢው ውስጥ የሚጠማዘዝ የውሃ መስመር ተሠራ። ንጉሥ ሲኮን ጥቁር ኤሊ ሳይቀር በትእዛዝ ይመጣል።

በደቡብ ቻይናና በሆንግ ኮንግ ገጠሮች ከመንደሩ ጀርባ ያለውን ጫካ መቁረጥ ነውር ነበር፤ የፌንግ ሹይ ጫካ ይሉታል። ዙሪያው ተመንጥሮ ጫካው ብቻ የቀረባቸው መንደሮች አሉ። አፈሩን ከመንሸራተት ይይዛል፣ ነፋስ ይሰብራል፣ ጥላ ይሰጣል። ጎጃምና ጎንደር በአውሮፕላን ያለፈ ሰው በእርሻ መሃል ጉች ጉች ብለው የቀሩትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አይቷል። ሁለቱም ቦታ ዛፉን ያተረፈው የሰው ፍርሃትና አክብሮት ነው።

አሁን ወደ ቤት እንግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው። ቤጂንግ ስማር ነፃ ከሰዓቶቼን የማሳልፈው ሁቶንግ በሚባሉት ጠባብ የሰፈር መንገዶች ውስጥ ነበር። እዚያ ያለው ባህላዊ ቤት ሲሄዩዋን ይባላል፤ አራት ቤቶች አንድ ግቢ ከበው የተሠሩበት። ፌንግ ሹይን በወረቀት ከሚማር ይልቅ አንድ ሲሄዩዋን ገብቶ የሚወጣ ሰው ብዙ ያውቃል።

በሩ መሃል ላይ የለም። መንገዱ በደቡብ ከሆነ የግቢው በር በደቡብ ምሥራቁ ጥግ ነው። ደፉ ከፍ ያለ እንጨት ነው፤ እግር አንስቶ መሻገር ግድ ይላል። እንደገባችሁ ግቢውን አታዩትም፤ ፊት ለፊት የጡብ ግድግዳ ይገጥማችኋል፣ መሃሉ ላይ ብዙ ጊዜ አበባ ወይም የመልካም ምኞት ፊደል ተቀርጾበት። ዪንግቢ ይባላል። እርኩስ መንፈስ መታጠፍ ስለማይችል ከግድግዳው ይላተማል ይላሉ ሽማግሌዎቹ። እኔ ያየሁት የጸደይ አቧራ ነፋስ ሲላተም ነው፤ የአላፊ አግዳሚው ዓይንም እንደዚያው። ከግድግዳው ወደ ግራ ታጥፋችሁ ጠባቧን የፊት ግቢ ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ዞራችሁ በሁለተኛ በር ስታልፉ ነው ዋናው ግቢ የሚከፈተው። ሁለት ጊዜ ታጠፋችሁ፣ ፍጥነታችሁ ቀነሰ፣ ድምፃችሁም ዝቅ አለ። «ቺ ቀስ ብሎ፣ ተጠማዝዞ ይግባ» የሚሉት ይኸው ነው።

በሰሜን በኩል ወደ ደቡብ የሚያየው ቤት ከሁሉም ከፍ ይላል፤ አያቶች የሚኖሩት እዚያ ነው። በምሥራቅና በምዕራብ ያሉት የልጆች ናቸው፤ ታላቁ ልጅ ምሥራቁን ይይዛል። በደቡብ በኩል ወደ ሰሜን የሚያየው ቀዝቃዛው ቤት ለእንግዳና ለሠራተኛ ነው። መጸዳጃው ብዙውን ጊዜ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ይጣላል። አያቶቹ ለምን ሰሜኑን ያዙ? ቤጂንግ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 40 ዲግሪ ላይ ናት። በዓመቱ አጭር ቀን ፀሐይ ቀትር ላይ ከአድማስ 27 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትወጣው፤ ስለዚህ ብርሃኗ በመስኮቱ ገብቶ የኋላ ግድግዳ ይደርሳል፣ አያት ወንበራቸው ላይ ሆነው ይሞቃሉ። በረጅሙ ቀን ደግሞ 73 ዲግሪ ትወጣለች፤ ያን ጊዜ የጣሪያው ክፈፍ ይከልላታል፣ ቤቱም ይቀዘቅዛል። ክፈፉ ምን ያህል እንደሚወጣ የሚያውቀው አናጢ ነው። ፌንግ ሹይ አዋቂው መጥቶ «ሰሜንን ተደገፍ፣ ደቡብን ተመልከት» ይላል፤ አናጢው ይሠራዋል፤ ሁለቱ ሳይጣሉ አንድ ቤት ይወጣል።

እንግዲህ ይህን ሕግ ይዘን አዲስ አበባ እንምጣ። እዚህ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነን። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ የቀረውን ጊዜ በደቡብ። በኅዳርና በታኅሣሥ እንኳ ቀትር ላይ ከ57 ዲግሪ በታች አትወርድም። ከሳይቤሪያ የሚመጣ ነፋስ የለንም። ስለዚህ «ቤትህ ወደ ደቡብ ካላየ ዕድልህ ተዘግቷል» የሚላችሁ ሰው የቤጂንግን ብርድ ልብስ ለአዳማ ሰው እየሸጠ ነው። እዚህ ከምዕራብ የሚመጣው የከሰዓት ፀሐይ የመኝታ ቤታችሁን ግድግዳ ማጋሉ ይበልጥ ሊያሳስባችሁ ይገባል።

በሌላ በኩል ዛሬ ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነው በስልክ የሚከታተሉን አሉ። እናንተ 39 ዲግሪ ላይ ናችሁ፤ ከቤጂንግ ጋር ጎረቤት ማለት ነው። የብርዱ ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣባችኋል፤ ፀሐያችሁ ሁልጊዜ ደቡብ ናት። የሲሄዩዋን ሕግ ለእናንተ ያለ ብዙ ማስተካከያ ይሠራል፤ አፓርታማ ስትመርጡ የሳሎኑ መስኮት ወደ ደቡብ ቢሆን የማሞቂያ ሂሳባችሁ ላይ ታዩታላችሁ። ዱባይና ሪያድ ላላችሁት ደግሞ ፀሐይ የምትጋበዝ ሳትሆን የምትሸሽ ናት፤ መልሱም ይለወጣል። አውስትራሊያ ያሉ የፌንግ ሹይ አስተማሪዎች እንኳ «የእኛ ፀሐይ በሰሜን ናት፣ አቅጣጫውን እንገልብጠው ወይስ እንዳለ እንተወው?» እያሉ እስካሁን ይከራከራሉ።

ከበር ወደ ውስጥ ያሉት ሕጎች ግን ከአየር ጠባይ ይልቅ ከሰው ጠባይ የመጡ ስለሆኑ ብዙ ርቀት ይጓዛሉ። አንድ የተለመደ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም እንውሰድ። በሩን ስትከፍቱ በሳሎኑ አልፎ ቀጥታ የበረንዳው በር ይታያል። ቻይናውያን በዚህ ላይ ብዙ ይላሉ፤ ቺው በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ ገንዘብም እንደዚያው። ገንዘቡን አላውቅም። ሁለቱ በር ሲከፈት ግን ነፋሱ መሃል ለመሃል ይጠርጋል፣ በር ይላተማል፣ ከኮሪደር የሚያልፍ ሰው ሶፋ ላይ የተኛውን ያያል። መፍትሔው ትንሽ ዪንግቢ ነው፦ በሩ አጠገብ ከወገብ በላይ የሚደርስ መደርደሪያ፣ ወይም ረጅም ተክል፣ ወይም መጋረጃ። የሚገባ ሰው አንድ ጊዜ ታጥፎ ይግባ፤ በቃ።

አልጋ ላይ ያለው ሕግ ከሁሉም የምወደው ነው። ራስጌው ከሙሉ ግድግዳ ጋር ይጠጋ፤ መስኮት ሥር አይሁን። ተኝታችሁ በሩን ማየት ቻሉ፤ ግን በበሩ ትክክል አትሁኑ። ግርጌው ቀጥታ ወደ በሩ ከሆነ በቻይና ሬሳ የሚወጣው በእግሩ በኩል ነው ብለው ይሸሹታል። ራሳችሁ ላይ ጣሪያ የሚሸከም ቢም አይለፍ። መስታወት ከአልጋው ፊት ለፊት አይቁም። እስቲ ጀርባችሁን ለበሩ ሰጥታችሁ፣ ራሳችሁን መስኮት ሥር አድርጋችሁ አንድ ሌሊት ሞክሩት። ሰው ማን እንደሚገባ ሳያይ ልቡ አያርፍም፤ እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ነው። ጨለማ ውስጥ ነቅታችሁ መስታወቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ስታዩ ደግሞ ልባችሁ የሚደነግጠው ቻይናዊ ስለሆናችሁ አይደለም።

ምድጃን በሚመለከት የሚታወቀው እሳትና ውሃ አይጋጩ የሚለው ነው፤ ምድጃው ከሲንኩ ጋር ፊት ለፊት ወይም ጎን ለጎን ተጣብቆ አይቀመጥ። ይህ ከአምስቱ ንጥረ ነገሮች ትምህርት የመጣ ነው፦ እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረት፣ ውሃ። እንጨት እሳትን ይወልዳል፣ እሳት አመድ ሆኖ አፈርን፣ አፈር ብረትን፣ ብረት ውሃን፣ ውሃ እንጨትን። በሌላው ዙር ደግሞ ውሃ እሳትን ያጠፋል፣ እሳት ብረትን ያቀልጣል፣ ብረት እንጨትን ይቆርጣል፣ እንጨት አፈርን ይሰነጥቃል፣ አፈር ውሃን ይገድባል። በእሳትና በውሃ መካከል እንጨት ይግባ የሚባለው በዚህ ስሌት ነው። እኔ ይህን ትቼ እንኳ፣ የሞቀ ዘይት ላይ የሲንክ ውሃ ሲረጭ ያየ ሰው ሁለት ክንድ ያህል ርቀት አይበዛበትም እላለሁ።

ኮምፓሱ ሉዎፓን ይባላል። ቀይ አራት ማዕዘን ሰሌዳ ነው፤ በላዩ ክብ ሳህን ይዞራል፤ መሃሉ ላይ «የሰማይ ኩሬ» በምትባል ጎድጓዳ ውስጥ ትንሽ መርፌ ትንሳፈፋለች። በመስቀል የተወጠሩት ሁለት ቀይ ክሮች ንባቡን ይቆርጣሉ። ዙሪያው በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ ክብ በክብ ነው፤ ለጀማሪ ከእነሱ ሁሉ የሚያስፈልገው 24ቱ ተራሮች የሚባሉት፣ እያንዳንዳቸው 15 ዲግሪ የሚይዙት ክፍሎች ናቸው። መርፌዋ የምታመለክተው ደቡብን ነው ይላሉ፤ እኛ ሰሜን እንደምንለው። መርከበኛ ሳይይዛት በፊት የቦታ መራጮች ነበሩ በማግኔት የሚያሿትና የሚጠቀሙባት፤ ሸን ኩዎ የሚባል የሶንግ ዘመን ሊቅ በ1088 ገደማ በጻፈው ላይ መርፌዋ ከትክክለኛው ደቡብ ጥቂት ወደ ምሥራቅ እንደምታዘነብል ሳይቀር መዝግቧል።

ሉዎፓን አትግዙ፤ የስልካችሁ ኮምፓስ ይበቃል። ግን ብረት በር ላይ ተደግፋችሁ አትለኩ። ብረቱ፣ ፍሪጁ፣ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ፌሮ መርፌውን ያጣምመዋል። ከበሩ ጥቂት እርምጃ ራቁ፣ ቦታ እየቀያየራችሁ ደጋግማችሁ ለኩ፣ ንባቡ ከተለያየ ወደ ሜዳ ውጡ። ደግሞ አፓርታማ «ፊቱ» የትኛው ነው? የሕንፃው መግቢያ ነው? የቤታችሁ በር ነው? ብርሃን የሚገባበት በረንዳ ነው? ሊቃውንቱ በዚህ አይስማሙም። ሁለት አዋቂ ብትጠሩ ሁለት አቅጣጫ ልትከፍሉበት ትችላላችሁ።

ከኮምፓሱ ጋር የሚመጣው የኳ ቁጥር፣ በትውልድ ዓመታችሁ የሚስማማችሁን አቅጣጫ ይነግራል የሚባለው ነው፤ በይነመረቡን ያጥለቀለቀው እሱ ነው። የተወለዳችሁበትን ዓመት አሃዞች አንድ አሃዝ እስኪቀር ትደምራላችሁ፤ ወንድ ከ11 ላይ ይቀንሰዋል፣ ሴት 4 ትጨምርበታለች። ውጤቱ 1፣ 3፣ 4 ወይም 9 ከሆነ የምሥራቅ ወገን ናችሁ፤ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ይስማማችኋል። 2፣ 6፣ 7 ወይም 8 ከሆነ የምዕራብ። 5 ከወጣ ወንዱ 2፣ ሴቷ 8 ትሆናለች።

የእኛ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የራሱን ዓመት ይደምራል። ስሌቱ የተሠራው ለፈረንጅ ዓመት ነው፤ የዓመቱ መባቻም ጥር 26 ወይም 27 ቀን ገደማ፣ በእነሱ የካቲት 4 አካባቢ ነው። አንዲት ሴት በመስከረም 1980 ብትወለድ ዓመቷ 1987 ነው፤ አሃዞቹ 25፣ ከዚያ 7 ይሆናሉ፣ 4 ሲጨመር 11፣ ሲደመር 2፤ የምዕራብ ወገን ናት። የአክስቷ ልጅ በመጋቢት 1980 ብትወለድ 1988 ነው፤ 26፣ ከዚያ 8፣ 4 ሲጨመር 12፣ ሲደመር 3፤ የምሥራቅ ወገን። በአንድ የእኛ ዓመት የተወለዱ ሁለት ሴቶች አልጋቸውን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ያዞራሉ። ለመስከረሟ ልጅ በዚያው ወር የተወለደ ባል ቢኖራትስ? እሱ 4 ነው፤ ምሥራቅ። አንድ አልጋ፣ ሁለት ራስጌ። (ሳቅ)

ስሌቱን ያስተማርኳችሁ ከሰው ስትሰሙ እንዳትደናገሩ ነው፤ እኔ አልጋዬን በእሱ አላዞርም። ጥርጣሬው የእኔ ብቻ አይደለም፣ የዘመን ፈሊጥም አይደለም። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ ዋንግ ቾንግ የሚባል ቻይናዊ ነበር። በዘመኑ የቤተሰብ ስም በድምፁ ከአምስቱ ንጥረ ነገሮች በአንዱ ይመደብና የበር አቅጣጫ ይታዘዝለት ነበር፤ የብረት ድምፅ ያለው ስም በሩን ወደ ደቡብ አያድርግ፣ ደቡብ እሳት ነውና ይባላል። ስም ቆጥሮ ከእናት ስም ጋር ደምሮ ዕጣ የሚያወጣ ደብተራ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ዋንግ ቾንግ የመንግሥት ሹማምንት የሚኖሩበትን ግቢ ተመልከቱ አለ፤ ቤቶቹ ተያይዘዋል፣ በሮቹ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ናቸው፣ የባለቤቶቹ ስም ዓይነት ዓይነት ነው። የተሾመው ሁሉ በሩ ለስሙ የሚስማማ፣ የተሻረው ሁሉ የማይስማማ ሆኖ አልተገኘም። መልስ የሰጠው ያለ አይመስለኝም።

ሌላም ግራ የሚያጋባችሁ ነገር አለ። በብዙ የእንግሊዝኛ ገጾች ላይ የቤታችሁን ፕላን በዘጠኝ ከፍላችሁ፣ ከበሩ ስትገቡ በግራ በኩል ያለው የመጨረሻው ጥግ የሀብት ጥግ ነው ይላችኋል። ይህ ኮምፓስ አይጠቀምም፤ በሩን ነው የሚከተለው። በአሜሪካ ያስፋፋው ቶማስ ሊን ዩን የሚባል ከ1932 እስከ 2010 የኖረ መምህር ነው፤ በ1986 ካሊፎርኒያ በርክሊ ላይ ቤተ መቅደስ አቋቁሟል። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይያዛል። በባህላዊው መንገድ ግን ደቡብ ምሥራቅ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ በራችሁ የት ይሁን የት። ሁለቱን ደባልቆ የሚያስተምር ሰው ካገኛችሁ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት የትኛውን እንደያዘ ጠይቁት።

የውይይት ጊዜ ከመግባታችን በፊት በመግቢያው ላይ አንድ እናት ጠጋ ብለው የጠየቁኝን ልመልስ፦ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ጥንቆላ አይደለም ወይ?» ብለውኛል። እናቴ፣ ከፊሉ ነው፣ ከፊሉ አይደለም። ነፋስ ከየት ይመጣል፣ ፀሐይ የት ትገባለች፣ አልጋ በር ያያል ወይ የሚለው ቦታ ማየት ነው። የትውልድ ዓመት ደምሮ ዕጣ መንገር ዕጣ ማየት ነው። እምነትዎ ኮከብ ቆጠራን የሚከለክል ከሆነ ሁለተኛውን ይተዉት፤ አልጋውን ከነፋስ መንገድ ማውጣት ማንንም ቅዱስ አያስቀይምም። ቻይናም ውስጥ ቢሆን ይህ ጥያቄ ተነስቷል፤ በ1966 በጀመረው የባህል አብዮት ዘመን ፌንግ ሹይ የአሮጌ ሥርዓት አጉል እምነት ተብሎ ተሳድዷል። ሆንግ ኮንግና ታይዋን ግን ያለ መቋረጥ አቆይተውታል። በ2005 የተከፈተው የሆንግ ኮንግ ዲዝኒላንድ ሲነደፍ በአዋቂ ምክር ዋናው መግቢያ በ12 ዲግሪ ዞሯል። ነጋዴ ሲያምን ወይም ደንበኛው የሚያምን ሲሆን ሕንፃም ይዞራል።

ለመለማመድ የሚሆናችሁ ይህ ነው። የቤታችሁን ፕላን በእጃችሁ ሳሉ፤ ውበት አያስፈልገውም። ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ ፀሐይ የምትደርስበትን ወለል በእርሳስ አቅልሙ። ሻማ ይዛችሁ በሩንና መስኮቱን ከፍታችሁ እሳቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ምልክት አድርጉ። ከመንገድ የሚታየውን፣ የጎረቤት ድምፅ የሚገባበትን ግድግዳ ጻፉ። ከዚያ አልጋውን፣ ምድጃውን፣ የሥራ ጠረጴዛውን አስገቡበት። ኮምፓሱ እስከዚህ ድረስ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ይህን በበጋና በክረምት ያደረገ ሰው ቤቱን ከማንኛውም አማካሪ በላይ ያውቀዋል።

ከኋላ እጅ ያወጣኸው፣ አዎ፣ ወንድሜ ጠይቅ።

(ጥያቄ፦ ቤቱ የኪራይ ነው፤ ምድጃው ሲንኩ አጠገብ ነው፣ አከራዩም ሚስማር እንኳ አያስመታኝም። ምን ላድርግ?)

ምድጃውን ተወው። በምድጃውና በሲንኩ መካከል ወፍራም የእንጨት መክተፊያ አቁምበት፤ ቻይናዊቷ የቤት ባለቤትም የምታደርገው ይህንኑ ነው፣ ሚስማር አይፈልግም፣ ውሃውንም ይከላል። ከዚያ ወደ አልጋው ሂድ፤ እሱ የአንተ ነው፣ አከራዩ አያገባውም። አልጋውን ማዞር የምትችልበት ሁለተኛ ግድግዳ አለህ?

(ጠያቂው፦ አለኝ፤ ቁምሳጥኑ ነው የያዘው።)

እንግዲያው ቅዳሜ ቁምሳጥኑን አንቀሳቅስ። ብቻህን አታንሳው፤ ጀርባህ ይቆረጣል።